«ሳይነሴ ተነሣብኝ» ለሚሉ፦ በመስከረም የሚያፈስና የሚታፈን አፍንጫን እንዴት እንደሚይዙ

መስከረም ከገባ በኋላ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት አንድ ዓይነት ድምፅ ይበዛል። የታፈነ፣ በአፍንጫ መውጣት ያቃተው ድምፅ ነው። «እኅቴ፣ ሳይነሴ ተነሣብኝ፤ አሞክሳሲሊን ስጪኝ።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ዓይኖቿ ቀልተው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ታስነጥሳለች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ሰው «ይማርሽ» ይላታል፤ «ያኑርህ» ብላ ሳትጨርስ አራተኛው ይመጣባታል።

እንዲህ ብለው ከሚመጡት ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ሳይነስ አይደለም። ሳይነስ ራሱ የበሽታ ስም አይደለም፤ በጉንጭ፣ በግንባርና በዓይኖች መካከል ባለው አጥንት ውስጥ የሚገኝ፣ አየር የሞላበት ክፍት ቦታ ነው፤ ሁላችንም አለን። ያ ቦታ ሲቆጣ ሕመም ይሆናል። በየመስከረሙ የሚመላለሰው ማስነጠስና እንደ ውኃ የሚወርድ ንፍጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአፍንጫ አለርጂ ነው። የስሙ ስሕተት ቀላል ቢመስልም ሰዎች ዓመት እስከ ዓመት የማይጠቅማቸውን አንቲባዮቲክ እንዲውጡ፣ የሚጠቅማቸውን ደግሞ ሳይሞክሩት እንዲቀሩ አድርጓል። ይህን የምጽፈውም ባንኮኒ ላይ በሁለት ደቂቃ የማልጨርሰውን ነገር በዝርዝር ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ፦ ምን እንደያዘዎት ይለዩ

ሦስት ጥያቄዎችን ራስዎን ይጠይቁ። ያሳክክዎታል? ስንት ቀን ሆነው? ትኩሳት አለዎት?

ማሳከክ ትልቁ ምልክት ነው። አፍንጫ፣ ዓይን፣ ላንቃና የጆሮ ውስጥ የሚበላዎት ከሆነ፣ ንፍጡ ቀጭንና የጠራ ከሆነ፣ ማስነጠሱ በተለይ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ወይም አቧራ ሲነሣ የሚደራረብ ከሆነ አለርጂን ይጠርጥሩ። ትኩሳት የለውም። በሳምንት አይለቅም፤ የሚቀሰቅሰው ነገር እስካለ ድረስ ይቆያል። ልጆች አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ከታች ወደ ላይ ደጋግመው ሲያሹ ካዩም ይህንኑ ያስቡ።

ጉንፋን በጉሮሮ መከርከርና በሰውነት መቆረጣጠም ይጀምራል፤ አንዳንዴ ትኩሳት ይኖረዋል፤ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። በመካከሉ ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ የሚመጣው ሰውነት ለመከላከል ከሚልካቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሆነ ብቻውን «ባክቴሪያ ገብቷል» አያሰኝም።

እውነተኛው የሳይነስ ሕመም ፊትን ይጫናል፤ ሲያጎነብሱ ይብሳል፤ ወፍራም ንፍጥ አለው፤ ማሽተትን ይቀንሳል። ከአሥር ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ከቆየ፣ ወይም ተሽሎ እንደገና ከባሰ ሐኪም ይይዎት።

ሚጥሚጣ ሲበሉ የሚወርድ ንፍጥ፣ ወይም ማለዳ ብርድ ላይ ሲወጡ የሚንጠባጠብ ውኃ አለርጂ አይደለም። አፍንጫ ለሚያቃጥልና ለሚቀዘቅዝ ነገር የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ቀስቃሹን ያግኙ

በአለርጂ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ብናኝ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ማሳከኩም፣ ማስነጠሱም፣ ውኃውም ከእርሱ ነው። ስለዚህ ሰውነትዎ የተቆጣው በምን እንደሆነ ማወቅ ግማሽ ሕክምና ነው። ለሁለት ሳምንት ትንሽ ማስታወሻ ይያዙ፤ መቼ ጀመረ፣ የት ነበርኩ፣ ምን እየሠራሁ ነበር። ሁለት መስመር ይበቃል።

በመስከረምና በጥቅምት ብዙ ሰው ጥፋቱን በአደይ አበባ ላይ ይጥላል፤ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ስለሚሆን ዓይን የሚያርፈው እርሷ ላይ ነው። ነገር ግን እንደ አደይ ያሉ ደማቅ አበቦች የአበባ ዱቄታቸውን (የሚራቡበትን ብናኝ) የሚያስተላልፉት በንብና በሌሎች ነፍሳት ነው፤ ዱቄቱ ከበድ ያለና የሚጣበቅ ስለሆነ ሩቅ አይበርም። ነፋስ የሚሸከመው የሣር ዱቄት ነው። የሣር አበባ ቀለም የለውም፤ ማንም ልብ አይለውም። ከክረምት በኋላ በየመንገዱ ዳርና በየባዶ ቦታው ዘለላ አውጥቶ የቆመውን ሣር በጣትዎ መታ ቢያደርጉት የሚቦነውን ጭስ መሳይ ብናኝ ያያሉ። እርሱ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በወሎና በስምጥ ሸለቆ ላሉ ደግሞ ፓርቴኒየም የሚባለው መጤ አረም አለ፤ ቆዳንም አፍንጫንም ያስቆጣል፤ በባዶ እጅ አይነቀልም።

በጋው ሲገፋ የአውድማ እብቅና የመንገድ አቧራ ይተካሉ። ወፍጮ ቤትና ዳቦ ቤት የሚሠሩ ሰዎች በእህል ዱቄት አለርጂ ሊያዙ ይችላሉ፤ የእነርሱ ምልክት በዕረፍት ቀን ሻል ይላል፤ ሰኞ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ከሆነ ወደ ቤት ውስጥ ይመልከቱ፦ በፍራሽና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች፣ የድመት ፀጉር፣ በረሮ፣ በክረምት ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሻጋታ። የዕጣን፣ የከሰልና የማገዶ ጢስ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣን አፍንጫ ያባብሳል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ቃል ልጨምር። በቨርጂኒያ ያለችው እኅቴ አዲስ አበባ ሳለች አስነጥሳ የማታውቅ ነበረች፤ ከሄደች በአራተኛው ዓመት ጀመራት። ይህ በብዙ ስደተኞች ላይ ይታያል፤ ሰውነት አዲሱን ብናኝ ለመልመድ ሳይሆን ለመቆጣት ዓመታት ይወስድበታል። በዋሽንግተን አካባቢ ወቅቱ የተለየ ነው፤ የዛፎች ዱቄት በፀደይ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይከብዳል፤ ራግዊድ የሚባለው አረም ደግሞ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ይቆያል።

ቤትዎን ያስተካክሉ

ሁሉንም ማድረግ አይቻልም፤ ከማስታወሻዎ ጋር የሚገጥመውን ይምረጡ።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ ተባዮቹን የሚገድለው 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ይውጣ፤ ነገር ግን ችግርዎ የሣር ዱቄት ከሆነ በመስከረም ሜዳ አጠገብ አያስጡ፤ ዱቄቱን ይዞ አልጋዎ ውስጥ ይገባል። ቤት በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ ውኃ ይረጭ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ የሚያስነጥሰው ሰው ራሱ የሚጠርግ ከሆነ አፍና አፍንጫውን በማስክ ይሸፍን። ከውጭ ሲገቡ ልብስ ይቀይሩ፤ ፊትዎን ይታጠቡ፤ ነጠላውን ትራስ ላይ አይጣሉ። ደረቅና ነፋሻ በሆነ ቀን የሣር ዱቄት ከፍ ስለሚል መስኮቱን ይዝጉ፤ ረዘም ያለ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ይክፈቱ።

ስለ ቡና ደግሞ በጥንቃቄ እናገራለሁ፤ ማንም ሰው ቡናውን እንዲተው አልፈልግምና። ቄጠማው ከመጎዝጎዙ በፊት ውጭ በደንብ ይራገፍ፤ በውኃ ቢነከር ይሻላል፤ ደርቆ እየተሰባበረ ሳይቆይ በዚያው ቀን ተጠርጎ ይውጣ። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም በር አጠገብ ይቆላ። የተቆላው ቡና ለማሽተት ሲዞር ጢሱን ወደ ራስዎ ከመሳብ ይልቅ እጅ ነሥተው ያሳልፉት፤ እናቴ ቤት ይህን ካስረዳኋቸው ወዲህ ማንም አልተቀየመኝም። ዕጣኑ ጥቂት ይሁን፤ መስኮት ይከፈት። በደመራ ማታም ነፋሱ ከጀርባዎ በሚመጣበት በኩል ይቁሙ።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ

ከሁሉም ርካሹና ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚንቁት ይህ ነው። ብናኙንና ንፍጡን አጥቦ ያወጣል፤ ነፍሰ ጡሮችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ውኃው መፍላት አለበት። ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ በቀጥታ የተቀዳ ውኃ ለሆድ ደኅና ቢሆን እንኳ ለአፍንጫ ውስጥ አይሆንም፤ ከስንት አንዴ ቢሆንም በአፍንጫ በኩል ገብተው አንጎልን የሚጎዱ ተሕዋስያን በውኃ ውስጥ ይኖራሉ። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ በላይ ባሉ ከተሞች፣ ማለትም እንደ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ባሉት፣ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጊዜው ይረዝማል። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉት ዝቅ ያሉ ከተሞች አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፤ ማንኪያው ሳይቆለል አፉ በቢላዋ ጀርባ ይስተካከል። ከተገኘ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ማቃጠሉን ያለሰልሰዋል፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ስለሆነ እንዳይሳሳቱ። ጨዉ አዮዲን ያለበት ሆኖ አፍንጫዎን ቢቆጠቁጥዎት ከመድኃኒት ቤት ኖርማል ሳላይን የሚባለውን የተዘጋጀ የጨው ውኃ ይግዙ። ያዘጋጁትን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይያዙ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይድፉት።

አሁን ለብ ያለውን ውኃ መርፌ በሌለው የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሳቡ። በመታጠቢያው ላይ ያጎንብሱ፤ አንዱ ጆሮዎ ወደ ታች እንዲሆን ራስዎን ያዘንብሉ። አፍዎን ይክፈቱ፤ በአፍዎ ይተንፍሱ። የሲሪንጁን ጫፍ በላይኛው ቀዳዳ አግብተው ቀስ ብለው ይግፉ። ውኃው ዞሮ በታችኛው ቀዳዳ ይወርዳል። ወደ ጉሮሮዎ ከመጣ ግንባርዎን ዝቅ ያድርጉ፤ የመጣውን ይትፉት። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ያስደነግጣል፤ በሦስተኛው ቀን ጥርስ እንደ መፋቅ ይቀልላል። ሲጨርሱ አንዱን ቀዳዳ ይዘው በሌላው በዝግታ ይናፈጡ፤ ሁለቱንም ይዞ በኃይል መናፈጥ ንፍጡን ወደ ጆሮ ይገፋዋል። ጆሮዎን የሚያምዎት ከሆነ ወይም አፍንጫዎ ፈጽሞ ከተዘጋ አይታጠቡ። ዕቃውን አጥበው ያድርቁ፤ ሲሪንጁን ከሰው ጋር አይጋሩ።

የሚረጨው መድኃኒት፦ ብዙዎች የሚሳሳቱበት

ለአፍንጫ አለርጂ፣ በተለይ ለሚታፈነው፣ ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ስቴሮይድ (እብጠትንና መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለው የአፍንጫ ስፕሬይ ነው፤ ቤክሎሜታሶን፣ ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን የሚባሉት። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ይመልሰዋል። እንዴት እንደተጠቀመበት ስጠይቀው ሦስት ቀን ነፍቶ መተዉን ይነግረኛል። ይህ መድኃኒት በዕለቱ አይከፍትም፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በየቀኑ መደረግ አለበት። በየዓመቱ በመስከረም የሚነሣብዎት ከሆነ ነሐሴ 20 አካባቢ ይጀምሩት።

ሁለተኛው ስሕተት አቅጣጫው ነው። ጠርሙሱን ይነቅንቁ፤ አዲስ ከሆነ ጥሩ ጉም እስኪወጣ አየር ላይ ይርጩ። አፍንጫዎን አስቀድመው በጨው ውኃ ይጠቡ። ራስዎን ወደ ኋላ አይዘርጉ፤ የጫማዎን ጫፍ እንደሚያዩ ዝቅ ያድርጉ። ለግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅዎ፣ ለቀኙ በግራ እጅዎ ይያዙ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ጫፉ በራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ በኩል ይዞራል። በመሐል ያለውን ግድግዳ ከረጩት ይደርቃል፤ ይደማል። እየረጩ በስሱ ይሳቡ። ጉሮሮዎ ላይ ምሬት ከተሰማዎት በኃይል ስበዋል፤ መድኃኒቱ ከአፍንጫ አልፎ ሆድ ገብቷል።

«ስቴሮይድ» የሚለው ስም ሰውን ያስፈራል። በስፕሬዩ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደ ክኒኑ ወይም እንደ መርፌው አይደለም። ሆኖም ለልጆች በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ ይሁን። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሳይሸሽጉ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት ፍሉቲካሶን በደም ውስጥ እንዲከማች ስለሚያደርግ ሌላ ዓይነት ይመረጥልዎታል።

ክኒኖቹ

ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ለአዋቂ 10 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው። ማሳከክን፣ ማስነጠስንና የሚወርደውን ውኃ ይቀንሳሉ፤ የታፈነን አፍንጫ ለመክፈት ግን ደካሞች ናቸው። ሴትሪዚን አንዳንዱን ሰው ስለሚያስተኛ ማታ ይወሰድ፤ የኩላሊት ሕመም ላለበት መጠኑ ይቀነሳል። ርካሹና የቆየው ክሎርፌኒራሚን በጣም ያደነዝዛል። ሹፌር፣ ሞተር የሚነዳ፣ ማሽን ላይ የሚሠራ አይውሰደው፤ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም) ወይም የፕሮስቴት ችግር ላለባቸው አረጋውያንም አይመከርም። በብዙ የጉንፋን ክኒን ውስጥ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ሁለቱን አብረው እንዳይወስዱ መጠቅለያውን ያንብቡ። ከጠጅ፣ ከጠላና ከአረቄ ጋር አይሆንም። ለነፍሰ ጡርና ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን በራስ ፈቃድ ምንም ክኒን ወይም ሽሮፕ አይስጡ።

ከጠብታው ይጠንቀቁ

አንድ ወጣት ደንበኛ ነበረኝ፤ በየአሥር ቀኑ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተውን ዛይሎሜታዞሊን ጠብታ ይገዛል። አንድ ቀን ቦርሳውን ሲከፍት ሦስት ጠርሙስ አየሁ፤ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለመኝታ፣ አንዱ ለመንገድ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ካላደረግሁት መተንፈስ አልችልም» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን ያበጡትን የደም ሥሮች ወዲያው ስለሚያሸማቅቁ አፍንጫ በደቂቃዎች ይከፈታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ደም ሥሮቹ ጠብታው ሲያልቅ ከበፊቱ ብሰው ያብጣሉ፤ ሰውየው ደግሞ ይጨምራል። ከሦስት ቀን፣ ቢበዛ ከአምስት ቀን አይለፍ። የደም ግፊት ያለባቸው ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙበት።

የለመዱት ካሉ መውጫ አለው። ስቴሮይድ ስፕሬዩን በሁለቱም ቀዳዳ ይጀምሩ፤ ጠብታውን በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ያቁሙ። ያ ቀዳዳ ለጥቂት ቀናት ይታፈናል፤ በሌላው ይተነፍሳሉ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲከፈት ሁለተኛውንም ያቁሙ። ወጣቱ እንዲህ አድርጎ በሦስት ሳምንት ተላቀቀ።

ሌላም የማልሸጠውና እንዳይፈልጉ የምለምናችሁ ነገር አለ። አንቲባዮቲክ በአለርጂ ላይ ምንም አይሠራም፤ ሲያስፈልግ እንዳይሠራ ያደርጋል እንጂ። «አንዴ ተወግቼ ዓመቱን ሙሉ እረፍት» የሚባለው ረጅም ጊዜ የሚቆይ የስቴሮይድ መርፌም ስኳርን፣ አጥንትንና ግፊትን ስለሚነካ ለአፍንጫ አለርጂ አይመከርም።

የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ይጠጡ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፤ የፈላ ድስት ፊት ልጅን በጋቢ ሸፍኖ ማስቀመጥ ግን ለቃጠሎ አሳልፎ መስጠት ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም ሎሚ ወደ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። በሕፃን አፍንጫ ቅቤ ወይም ዘይት ማንጠባጠብ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ወደ ሳንባ ወርዶ የማይለቅ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብዎት ጊዜ

ደረትዎ ሲር ሲር ካለ፣ ሌሊት ካሳለዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት በአፍንጫ ብቻ አይተዉት፤ የአፍንጫ አለርጂና አስም ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከተጨመረ፣ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ በአንድ ቀዳዳ እንደ ውኃ የጠራ ነገር ከወረደ በዚያው ቀን ይታዩ። ስፕሬዩን በትክክል አንድ ወር ተጠቅመው ካልተሻለዎት፣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ደጋግሞ ከደማ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይላኩ።

የልጅ አፍንጫ በአንድ ወገን ብቻ እያፈሰሰ ከሸተተ አለርጂም ጉንፋንም አይደለም፤ ውስጡ ሽንብራ፣ ዶቃ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ አለ ብለው ያስቡ። በክብሪት እንጨት ወይም በወስፌ አይቆፍሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ውኃም አይጨምሩበት፤ ሽንብራ ሲርስ ያብጣል። የገባው የሰዓት ወይም የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የአፍንጫውን መሐል ግድግዳ ሊበሳው ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ልጁን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።